ባዶ እጅጌ

ምድር ቤታችን የልብስ ማጠቢያ ነበረ፤
አንድ መስከረም ላይ ሊቦር ጣውላ ይዞ ወረደ፣ እዚያው ቀረ።
«ለጥቂት ሳምንት» አለኝ፣ መጋዙን እየሳለ፤
ዘጠኝ ዓመት አለፈ፣ ማጠቢያዬ ደጅ እንዳለ አለ።

የሚሠራው ጣቢያ ዱብራንካ ይባላል፤
የእናቱ መንደር ነው፣ ሞራቪያ፤ ግድቡ ውጦታል።
እሱ ሳይወለድ ነው ውሃው የተኛበት፤
የተረፈው አንድ ፎቶ፣ ጥግ ጥጉን ብል የበላበት፦
ባቡሩ ግማሹ በእንፋሎት ተሸፍኖ፣
አንድ ሐዲድ ቀያሪ ቆሞ፣ እጅጌው ባዶ ሆኖ።

«አንድ ለመቶ ሃያ» ይላል መለኪያው፤
ሰው ማለት ሁለት የስንዴ ቅንጣት ቢቀጠል ነው ቁመናው።

የሻይ ቅጠል ቢሆን እንድደፋ አይፈቅድም፤
ያደርቃል፣ ይነፋል፤ አፈር ነው፣ አይጣልም።
ከተቃጠለ ሞተር የመዳብ ክር ፈትሎ
ዛፍ ያበቅላል፣ ቅርንጫፉን ከቅርንጫፍ ነጥሎ፤
ሙጫ ነክሮ፣ አረንጓዴ ሰጋቱራ ነስንሶ፣
«ይህች ሊንደን ናት» ይለኛል፣ መነጽሩን ወልውሎ መልሶ።

አዲስ ፉርጎ ይገዛል በጡረታው ገንዘብ፤
ከዚያ ያስረጀዋል፤ ዝገት በነጠብጣብ፣
ጥላሸት በጣት፣ የዝናብ መስመር በቀጭን ብሩሽ።
እኔ ዕድሜዬን ሳጸዳ፣ እሱ ነገር የሚያምርለት ሲቆሽሽ።

ያን ሰው ግን ሲቀባ የበረዶው ወራት አለቀ፣
ባለ አንድ ጠጉር ብሩሽ ይዞ፣ ትንፋሹን እየጠበቀ።
ቀኝ እጅጌው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤
ቁልፏንም ሠርቷታል። ማን ያያታል?

ባለፈው ኅዳር አንዲት አሮጊት መጣች፤
ቫንዳ ትባላለች፤ ዱብራንካ ነው የተወለደች።
በሁለት አውቶቡስ፣ በሰማንያ ሰባት ዓመቷ፣
ደረጃውን አንድ ባንድ ወረደች፣ ምርኩዟ ቀድሞ፣ እግሯ ከኋላ፣ ከዚያ ቦርሳዋ፣ ከዚያ እሷ።

ሊቦር መብራቱን ዝቅ አድርጎ ንጋት አስመሰለ፤
ባቡሩ ከዋሻው ብቅ አለ፣ ታጠፈ፣ ቆመ፤ ደወል ብቻ አቃጨለ።

አላለቀሰችም። አጉሊ መነጽር ለመነች፤
ጎንበስ አለች፤ ቆየች።
«አባቴ ነው» አለች። «ግን ያጣው ግራ እጁን ነው፣
ፉርጎ ሲያያይዝ። በቀኙና በጥርሱ ነው ጠጉሬን የጎነጎነው።»

ሊቦር ፎቶውን አወጣ፤ በጥፍሩ ጫፍ ጠቆመ።
ሦስታችንም አየነው። ያኔ ገባን፦
አጣቢው መስታወቱን ገልብጦ ነው ያተመ።

ወንዙ በስተቀኝ መሆን ሲገባው በስተግራ፣
ፀሐይ የምትወጣው ከምዕራብ ተራራ፤
ዘጠኝ ዓመት፣ ሠላሳ ሜትር ሐዲድ፣ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ዛፍ፣
ያውም ልቅም ብሎ፣ ያለ አንዲት ግድፈት፣ የተሳሳተ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«ምነው ምላሴን በቆረጠው» አለች።
እሱ ሻይ ቀዳላት። ቅጠሉንም እንደ ልማዱ ጋዜጣ ላይ አሰጣ።
ሌሊቱን መጋዝ ስጠብቅ፣ መዶሻ ስጠብቅ፣ ምንም ድምፅ ሳይመጣ
ነጋ።

የቁም ሳጥኔ መስታወት ከማጠፊያው ተነቅሏል፤
ምድር ቤት፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ቆሟል።
በርጩማ አስጠግቶ «ከዚህ ሆነሽ እዪ» አለኝ፤
አየሁ፦ ወንዙ ቦታው ላይ፤ ሰውየው
በቀኝ እጁ ፋኖስ ይዞ ታየኝ።

የጣቢያው ስም ብቻ፣ ሊቦር በራሱ እጅ የጻፈው፣
አሁን ተገልብጦ ይነበባል። ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ
ቀለም በጥብጦ፣ ፊደሉን አንድ ባንድ ወደ ኋላ ሊጽፈው
ወንበር ላይ ጎብጧል።

እኔም ጠጉሬን የማበጥረው እዚያ ወርጄ ነው፤ ሌላ መስታወት የት አለ?
ፊቴ ከሸለቆው በላይ እንደ ደመና ተንጠልጥሎ፣
ሚዶዬን ከሊንደኗ አጠገብ አሳርፌ እጠብቃለሁ፤
ባቡሩ ባገጬ ሥር ያልፋል።
በሰዓቱ።